የክርስትና ቀንና የክትባት ቀን

የሕፃናት ሐኪሞች በዛሬው ዘመን ምክራቸውን የሚሰጡት በቃል ብቻ አይደለም፤ የክትባትን ቀን የሚያስታውስ መተግበሪያ በወላጆች ስልክ ላይ እስከ መጫን ደርሰዋል። በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅና በዳባት ገጠር ግን ለብዙው ቤተ ሰብ የሕፃናት ሐኪም ማለት በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው መርሐ ግብር ያፈራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

በቅርቡ የአንድ ተማሪያችን አባት ያጫወቱንን እንንገራችሁ። በጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ የጫነችላቸው መተግበሪያ ሴት ልጃቸው 42 ቀን በሞላት ዕለት ደወለ። እርሳቸው ደባርቅ ገበያ ነበሩ። ማታ ገብተው ቢናገሩ፣ የሕፃኒቱ አያት «ክርስትና ሳትነሣ ከደጅ አትወጣም» ብለው ከለከሉ። በ70ኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። በ80 ቀኗ ተጠመቀች፤ ነገር ግን ገና ወደ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ትክትክ ያዛት። ዛሬ በእግዚአብሔር ቸርነት ድናለች፤ አባቷ ግን ትንፋሿ የተቈራረጠበትን ሌሊት ሲያነሡ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

እንግዲህ ስልኩ አልዋሸም፤ ነርሷም አልሰነፈችም። መልእክቱ ለአባት ደረሰ እንጂ ለእናትና ለአያት አልደረሰም። ስልክ ያለው በአባት ኪስ ነው፤ ሕፃን ያለው በእናት ጀርባ ነው፤ ፈቃዱ ያለው በአያት አፍ ነው።

ቤተ ክርስቲያን እናትን እስከ 40 ወይም እስከ 80 ቀን ከቤተ መቅደስ ታቈያለች እንጂ ከሐኪም ቤት አትከለክልም። ትክትክን፣ መንጋጋ ቈልፍን፣ የሳንባ ምችንና ብርቱ ተቅማጥን የሚከላከሉት ክትባቶች የሚጀመሩት በ6ኛው ሳምንት ነው፤ በ10ኛውና በ14ኛውም ይቀጥላሉ። ወንድ ልጅ በተጠመቀ በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያው ቀጠሮ ይደርሳል፤ ለሴት ልጅ ግን ከጥምቀቷ በፊት ሁለት ቀጠሮ ያልፋል።

በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቈየ ጊዜ፣ በእርሱ የሚሠራው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። ቀን መቍጠር ግን ኢንተርኔት አይሻም፤ እናቶቻችን ከጥንት ጀምረው የሚያውቁት ነው።

ስለዚህ ሐኪም የሰጠውን ማስታወሻ በደስታ ተቀበሉ፤ ነገር ግን በኪስ አይቅር፤ በማዕድ ዙሪያ ይነገር። የክርስትናውን ቀን ስትቈጥሩ 42፣ 70 እና 98 ብላችሁ አብራችሁ ቍጠሩ። የንስሐ አባቶችም ይህን ለአያቶች እንዲያስረዱልን በትሕትና እንለምናለን። ያለፈ ቀጠሮ ያለበት ቤትም፣ ዘግይቷል ብሎ አይተው፤ ዛሬውኑ ሕፃኑን ይዞ ይሂድ።