ዘሩን እየሸጥነው ነው

በዳሞታ ግርጌ አብረን ያረጀን እኩዮቼ፣ ስሙኝ። ለጊፋታ ወደ ሶዶና ወደ ቦዲቲ ገበያ የምናወርዳቸውን አውራ ዶሮዎች አስቡ። ቀዩ፣ ገብስማው፣ ቶሎ ያደገው፣ ደረቱ የሞላው ይሸጣል። ግቢ የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው፤ የከርሞ ጫጩቶች አባት የሚሆነውም እሱ ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ እንዲህ አድርገናል።

አውራ እንቁላል አይጥልም፤ ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ቄቧ ግማሽ ተፈጥሮዋን ከአባቷ ትወስዳለች። እንዲያውም ዜድ የሚባለውን የፆታ ክሮሞዞም ሴቷ የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ነው። የአውራው እናት ብዙ የምትጥል ከነበረች ይህ በእሱ ላይ አይታይም፤ በሴት ልጆቹ ይወጣል። እኛ ግን አውራ ስንመርጥ ላባውን አየን እንጂ እናቱን ጠይቀን አናውቅም።

እኔም አጥፍቻለሁ። 18 እንቁላል ጥላ የምታቅፍ ወሰራ ዶሮ ነበረችኝ፤ ሌሎቹ 12 ሳይሞላ ያቅፋሉ። ወንድ ልጇን ለመስቀል ሸጥኩት፣ እሷን ፈንግል ወሰዳት። ያ ዘር ከግቢዬ ጠፋ። የት ሄጄ ልግዛው?

የፈረንጅ ዶሮ አለች ትሉኛላችሁ። አልክድም፤ የሐበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 ስትጥል ቦቫንስ ብራውን የምትባለዋ የፈረንጅ ዶሮ በደንብ ከተቀለበች 300 ገደማ ትጥላለች። ግን ዲቃላ ናት። የዲቃላ በቆሎ ፍሬ አስቀርታችሁ መልሳችሁ ስትዘሩ ማሳው ምን እንደሚመስል አይታችኋል። የዲቃላ ዶሮ ጫጩቶችም እንደዚያው ናቸው፤ አንዷ እናቷን ትመስላለች፣ ሌላዋ ርቃ ትወጣለች።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የማቀፍ ጠባይ መጥፋቱ ነው። የእኛ ዶሮ ስታቅፍ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን በደሟ ይበዛና መጣል ታቆማለች። 21 ቀን ትተኛለች፣ ከዚያ ጫጩቶቿን ስትመራ ሳምንታት ያልፋሉ። እንቁላሏ የሚያንስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የውጭ አርቢዎች የማታቅፈውን እየመረጡ ጠባዩን ከዘሩ አጠፉት፤ መፈልፈያ ማሽን ስላላቸው አይቸገሩም። እኛ እንሰት ጥግ፣ መብራት በሌለበት፣ ማን ይፈለፍልልናል? መሬታችን ጠባብ ነው፤ አንዱ የፈረንጅ አውራ ካስገባ የሌላውን ዶሮ ያጠቃል። የእኔ ጥንቃቄ ብቻውን ስለማያድነኝ ነው ለሁላችሁም የምናገረው።

ደግሞ ዘራችን ደካማ አይደለም። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሆሮን ዶሮ ይዘው፣ የውጭ ደም ሳይቀላቅሉ፣ ብዙ የሚጥሉትን እያስቀሩ በየትውልዱ እንቁላሏን ጨምረዋል። ሆሮም እንደ እኛዋ የገበሬ ግቢ ዶሮ ናት።

መስከረም ሳይጠባ የማን ቤት ዶሮ ስንት ጥላ እንደምታቅፍ እንወቅ። ሴቶቻችን አንድ በአንድ ያውቁታል፤ እነሱን እንጠይቅ። ብዙ ጥላ የምታቅፈዋን ልጅ አውራ ነጋዴ ምንም ያህል ቢጨምር አትሽጡት። ሴት ልጆቹ ሲደርሱ አብሯቸው እንዳይውል ከጎረቤት ጋር ተለዋወጡት። እኔ ዘንድሮ እናቱን የማውቃት አንድ አውራ አስቀርቻለሁ። ለቄቦቹ የሚፈልገው ካለ መጥቶ ይውሰደው።