የዐሥራት ወሰኑ የት ነው? ከዮርዳኖስ ማዶ እስከ ሆሳዕና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በዙሪያቸው ባሉ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ስለ ዐሥራት ሁለት ተቃራኒ አሳቦች ይሰማሉ። አንደኛው “ዐሥራት ለእስራኤል ምድር የተሰጠ ሕግ ስለሆነ እኛን አይመለከትም” ይላል። ሁለተኛው ደግሞ “ዐሥር እጁን ያላወጣ ማሳው ይረገማል፣ ያወጣ ይበለጽጋል” እያለ ያስፈራራል፤ ያስጎመጃልም። በአንድ ቤት ውስጥ ሳይቀር የተለያየ እምነት ያላቸው ወገኖች አብረው በሚኖሩበት በዚህ አካባቢ ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። የገጠር አጥቢያ ካህን አግኝቶ መቀደሱ ወይም በሩ መዘጋቱ በመልሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሕጉና ምድሩ

የመጀመሪያው አሳብ እውነትነት ያለው ክፍል አለው። በኦሪት በርካታ የእርሻ ትእዛዛት “ወደ ምድሪቱ በገባችሁ ጊዜ” በሚል መንፈስ የተሰጡ ናቸው። በኵራት (ዘዳ. 26፥1-2)፣ ሰንበተ ምድር (ዘሌ. 25፥2)፣ አዲስ የተተከለ ዛፍ ፍሬው ሦስት ዓመት እንዳይበላ የሚለው ሥርዓት (ዘሌ. 19፥23) ለዚህ ምስክሮች ናቸው። የምድሪቱም ወሰን በዘኍልቍ 34 ተዘርዝሯል፤ በደቡብ ከጺን ምድረ በዳ እስከ ግብፅ ወንዝ፣ በምዕራብ ታላቁ ባሕር፣ በሰሜን እስከ ሐማት መግቢያ፣ በምሥራቅ ዮርዳኖስ ነው። የሮቤልና የጋድ ነገድ ግን ከዮርዳኖስ ማዶ ርስት ስለ ወሰዱ (ዘኍ. 32) ወሰኑ ገና ከጅምሩ ጥያቄ ነበረበት።

የአይሁድ መምህራንም ከግብፅ የወጡት የያዙትን ምድርና ከባቢሎን የተመለሱት የሰፈሩበትን ለይተው ግዴታውን በየደረጃው ወሰኑ። በቤትሳን አቅራቢያ በረሆብ የተገኘው ጥንታዊ የምኵራብ ወለል ጽሑፍ የቦታዎችንና የአዝርዕትን ስም ይዘረዝራል። ክርክሩ ዛሬም አልቆመም። በእነርሱ አቆጣጠር 5782 በሆነው፣ በአብዛኛው ከእኛ 2014 ዓ.ም. ጋር በገጠመው የሰንበተ ምድር ዓመት፣ ደቡባዊው የዐረባ በረሃ በብዙ መምህራኖቻቸው ዘንድ ከወሰኑ ውጭ ስለሚቆጠር በዚያ የሚመረተው አትክልት በልዩ ሁኔታ ይታይ ነበር።

ስለዚህ የሀዲያ ገበሬ ማሳውን በሰባተኛው ዓመት የማሳረፍ የኦሪት ግዴታ የለበትም። ለመድረስ ዓመታት የሚፈጀው የእንሰት ጓሮውም በዚያ ሕግ አይዳኝም። ዐሥራትን “በኦሪት ስለ ታዘዘ ብቻ” የሚያስገድድ ሰው ሰንበተ ምድርን ለምን እንደ ተወ መመለስ ይኖርበታል።

ከምድሪቱ የሚቀድም ስጦታ

ነገር ግን ዐሥራት ከኦሪት አልጀመረም። አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ ዐሥራት ሲያወጣ (ዘፍ. 14፥20) ሕግም ርስትም ገና አልነበረም። ያዕቆብም በቤቴል የተሳለው (ዘፍ. 28፥22) ከአገሩ ወጥቶ በስደት መንገድ ላይ ሳለ ነው። ሐዋርያው በዕብራውያን 7 የመልከ ጼዴቅን ክህነት ከሌዊ በላይ አድርጎ የተረጎመው በዚሁ ምክንያት ነው። ጌታችንም በዮሐንስ 4 አምልኮ በአንድ ተራራ ወሰን እንደማይታጠር አስተምሯል። ቤተ ክርስቲያናችን ዐሥራትና በኵራትን የምታስተምረው ምድር በረከት የምታወጣው የሰጪው አምላክ ስለሆነች ነው።

ቃሉ በዚህ ምድር

በአገራችን ቃሉ ሌላ ትዝታም አለው። በ1880ዎቹ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለሠራዊት ስንቅ እንዲሆን በእርሻ ምርት ላይ የጣሉት ግብር ዐሥራት ተብሎ ሲጠራ ኖሯል፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ። ያ የመንግሥት ግብር ነበር፤ የፈቃድ መባ አልነበረም። በደቡቡ የአገራችን ክፍል አባቶች ስለ ገባርነት የሚያወሱትን የሚሰማ ወጣት ቃሉን ቢጠራጠር ሊደንቀን አይገባም፤ ልዩነቱን ማስረዳት ግን የእኛ ድርሻ ነው።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በመሬት ገቢ መተዳደሯ አበቃ። ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው የሰበካ ጉባኤም የአጥቢያ ሕይወት በምእመናን ስጦታ ላይ እንዲቆም መንገድ ከፍቷል። ዛሬ የሌሞ ወይም የዶዮገና አጥቢያ የሚኖረው በዚያው ነው።

ከማሳ ውጭ ያለ ገንዘብ

አሁን ከዚህ አካባቢ የሄዱ ብዙ ወጣቶች በደቡብ አፍሪካ ይሠራሉ፤ የብዙ ቤተሰብ ጎጆም በሚልኩት ገንዘብ ቆሟል። ዐሥራት የአንድ ምድር ፍሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጆሃንስበርግ ሱቅ የተገኘ ገንዘብ አይነካውም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ግን እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን በእጁ እንዲያኖር (1ቆሮ. 16፥2)፣ በኀዘን ወይም በግድ ሳይሆን በደስታ እንዲሰጥ (2ቆሮ. 9፥7) አስተምሯል። የክርስቲያን የዐሥራት ወሰኑ የልቡ ምስጋና ነው። በአደገኛ መንገድ ተሰዶ በላቡ የሚኖር ወጣት ላይ እርግማን መስበክ ደግሞ ከሐዋርያው ትምህርት መራቅ ነው።

ተቀባዩም ወሰን አለው። በኦሪት የሦስተኛው ዓመት ዐሥራት ለሌዋዊ፣ ለመጻተኛ፣ ለድሀ አደግና ለመበለት ነበር (ዘዳ. 14፥28-29)። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት በደረሰኝ ተቀብለው፣ ለካህኑ ደመወዝና ለችግረኛው ምን እንደ ዋለ በዐውደ ምሕረት ሊያስታውቁ ይገባል። ይህ ሲሆን “ለእስራኤል ነው” የሚለው ማምለጫም “ይረገማል” የሚለው ማስፈራሪያም ኃይል ያጣሉ፤ የገጠሩ ቤተ መቅደስም በቅዳሴ ሰዓት ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።