ስለ ቀለምና ስለ ቀለም ትምህርት

በአማርኛ ትምህርት ቀለም ይባላል። የተማረ ሰው የቀለም ሰው ነው፤ ትምህርት ቶሎ የሚገባውን ልጅ ቀለም ይዘልቀዋል ይሉታል። ስሙ እንዲህ ሆኖ ሳለ በዛሬ ጊዜ ከትምህርት ቤት አስቀድሞ የሚባረረው ቀለም መሆኑ እጅግ የሚያስገርም ነው። ሕፃኑ ፊደል በሚቆጥርበት ወራት ባለቀለም እርሳስ ይሰጠዋል፤ ጥቂት ከፍ ሲል ግን፥ «አሁንስ አድገሃል፤ ይህን መጫወቻ ተውና መጽሐፍህን ያዝ» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለልጆቻቸው የሚያስቡ አባቶችና መምህራን ናቸው። ስለዚህም ነገራቸው በቸልታ ሊታለፍ አይገባውም።

ከሁሉ የሚበረታው ክርክራቸው የፈተናው ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2። ፈተናው ሥዕልን አይጠይቅም። እንግዲህ በአረካ ከተማ የሚኖር አንድ አባት ይህን ሰምቶ፥ «ልጄ ቀለም ሲለቀልቅ አንድ ሰዓት ከሚያጠፋ ሒሳቡን ይሥራ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ሐዘኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከመቶ 96 የሚበልጡት በወደቁበት በዚያ ፈተና፥ ባለቀለም እርሳስ ያሰነፈው ተማሪ ስንቱ ነበር? እርሳሱማ ከብዙዎቹ እጅ ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። እርሳሱ ተወሰደ፥ ፈተናውም አልተገኘም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም በአንድ ነገር ላይ ዓይንንና ልብን አሳርፎ መቀመጥ ነው። ስልኩ በየደቂቃው የሚጠራው ልጅ ሒሳቡንስ በምን ልቡ ይሠራዋል?

አረካ የእንሰት አገር ነው፤ ስለ እንሰት የሚመረምር የእርሻ ምርምር ማዕከልም በዚያው ይገኛል። ከጓሮ የቆመውን እንሰት ሁሉም በየቀኑ ያየዋል፥ አረንጓዴ ነው ብሎም ያልፈዋል። ባለቀለም እርሳስ ይዞ ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ግን አረንጓዴው ብቻውን እንደማይበቃው ወዲያው ይረዳል። ፀሐይ ከኋላው ያበራችበት ቅጠል ወደ ብጫ ያደላል፤ ጥላ ያረፈበት ሰማያዊ ይሻል፤ የመካከሉ አጥንት በአንዳንዱ ዘር ቀይ ነው፤ ነፋስ የተረተረው ጠርዝ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ስለዚህ አስቀድሞ ብጫውን በቀስታ ያለብሳል፤ በላዩ አረንጓዴውን፥ በጥላው በኩል ደግሞ ሰማያዊውን በስሱ ይደርባል። እጁን ቢያከብድ ወረቀቱ ይጠግብና ሌላ ቀለም አልቀበልም ይላል፤ ላጲስም ፈጽሞ አያነሣውም። እንግዲህ መቸኮል አይቻልም። እርሳሱ ሲደንዝ ይቀረጻል፥ እንደ ገና ይጀመራል። መስመር በመስመር ላይ ሲደረብ እስትንፋስ ይረጋል፥ ሐሳብም ከየሄደበት ይሰበሰባል። ደስታውም ከዚህ ላይ ነው፤ ጩኸት የሌለው ደስታ ነው፥ ለሌላ ሰው ለመታየትም አይቸኩልም። አንድ ሰዓት አልፎ የተሠራው ግማሽ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሠሪው ግን ሰዓቱ እንዳለፈ አላወቀም።

(ስሙ እርሳስ ይባል እንጂ እርሳስ የተባለው ማዕድን በውስጡ የለም። ጥቁሩ ከሸክላ አፈር ጋራ የተለወሰ ግራፋይት ነው፤ ባለቀለሙ ደግሞ ቀለሙን በሰም ወይም በዘይት አስተሳስረው የሚሠሩት ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ሊለይ ሲደክም ይኖራል፤ በዚህኛው ግን ሰሙ ቢለይ ቀለሙ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።)

ከካህናት ወገን ደግሞ፥ «የልብ ዕረፍት በጸሎት ይገኛል እንጂ በእርሳስ አይደለም» የሚሉ አይጠፉም። እርሳስ ጸሎትን ይተካል ያለ የለም፤ ያለም ቢኖር ተሳስቷል። ነገር ግን የጥንቱ ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ አስምሮ፥ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፥ ቀዩን ለቅዱሳት ስሞች ለይቶ ከጻፈ በኋላ፥ በምዕራፉ ራስ ላይ ሐረግ ይስል ነበር። ሐረጉ በንባቡ ላይ አንዲት ቃል አይጨምርም፤ ያለ እርሱም መጽሐፉ ይነበባል፥ ይተረጐማል። ታዲያ ያ ሰው ለምን ደከመበት? ድካሙን ከንቱ የሚል ካህን ካለ፥ የሕፃናቱን እርሳስ ከመንጠቁ በፊት በየገዳሙ ያሉትን መጻሕፍት ሐረጋቸውን ይፋቅ።

በሌላ ወገን ደግሞ ነገሩን ከልኩ አሳልፈው የሚያወድሱት አሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በባሕር ማዶ ለዐዋቂዎች የተዘጋጀ የማቅለሚያ መጽሐፍ በብዙ ሚሊዮን ተሸጠ፤ የነፍስ መድኃኒት ነው እስከ መባልም ደረሰ። ኩሪና ካሰር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በዚያው አቆጣጠር በ2005 ያሳተሙት ግን ከነጋዴው ቃል ይልቅ ልከኛ ነው። በ84 ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ ክብ ንድፍ ወይም መስመር በመስመር ላይ የተሻገረበት ንድፍ ተሰጥቷቸው ያቀለሙት፥ ባዶ ወረቀት ከተሰጣቸው ይልቅ ጭንቀታቸው ቀለለ። ጭንቀት ለጥቂት ጊዜ ቀለለ ማለት በሽታ ተፈወሰ ማለት አይደለም። ደግሞስ እንዲህ ያለውን ንድፍ ለማግኘት ወላይታ ወደ ባሕር ማዶ ገንዘብ መላክ ያስፈልገዋልን? ዱንጉዛው በቀይ፥ በብጫና በጥቁር ተሸምኖ በጊፋታ በዓል በየሰው ትከሻ ላይ ይታያል፤ ሐረጉም በየመጽሐፉ አለ።

እንግዲህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፤ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችም ቢሆን በሳምንት አንድ ሰዓት፥ ለሁለት ልጆች አንድ ባለ12 እርሳስ ሣጥንና ጥቂት ወረቀት ነው። የሚሳለው እንደ ሆነ በአጥሩ ውስጥ ቆሟል። አንድ ነገር ብቻ መጠንቀቅ ይገባል፤ በሥዕሉ ላይ ማርክ የተሰጠ ቀን ልጁ ቅጠሉን ማየት ትቶ የመምህሩን ፊት ማየት ይጀምራልና፥ ያ ሰዓት ከማርክ መዝገብ ውጭ ሆኖ ይቆይ።