ዕዳ የሚሰበስብ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል

ንግድ ያለ ዱቤ እንደማይንቀሳቀስ የታወቀ ነው። በዱቤ የሰጠ ሰውም ገንዘቡን መጠየቁ መብቱ ነው እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ግን ባለገንዘቡ ራሱ መጠየቁን ትቶ፣ ሥራው ዕዳ ማስከፈል ለሆነ ለሌላ ሰው በክፍያ ሲያስተላልፈው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ይህ ሦስተኛ ሰው ከባለዕዳው ጋር ደንበኝነት የለውም፤ ነገም አብሮት አይነግድም። ዋጋው ከሰበሰበው ላይ በመቶ የሚታሰብለት በሆነ ጊዜ ደግሞ የሚቸኩልበት እንጂ የሚታገሥበት ምክንያት የለውም።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ልማድ ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ተቆራኝተው ይውሉ ነበር። ቁራኛ ጭካኔ የነበረበት ቢሆንም በአደባባይ የሚታይ ነገር ነበር፤ ባለገንዘቡም አብሮ ይታሰር ነበር። የዛሬው አስከፋይ ግን ከማይታይ ስፍራ ሆኖ ይደውላል።

በኬንያ በእጅ ስልክ የሚያበድሩ ድርጅቶች በበዙ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ ከተበዳሪው ስልክ የዘመዶቹንና የአሠሪውን ቁጥር እያወጡ በመደወል ያሳፍሩት ጀመር። ስለዚህ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ደንብ፣ ያለ ፈቃድ በዚህ መንገድ ማበደርን፣ ዕዳ ሲሰበሰብም ማስፈራራትን፣ ጸያፍ ቃል መናገርንና ወዳጅ ዘመድን ማወክን ከለከለ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ከ288 አመልካቾች ፈቃድ ያገኙት 10 ብቻ ነበሩ። የምርመራው ጥብቅነት የሚመሰገን ነው፤ ይሁንና ብዙ አመልካች ለረዥም ጊዜ ያለ መልስ ቢቆይ ደንቡ ኃይሉን ማጣቱ አይቀርም።

ከዚህም በላይ ያ ፈቃድ የተሰጠው ለአበዳሪው ነው። ዕቃውን በዱቤ ሸጦ አስከፋይ የሚቀጥር ነጋዴ በዚህ ደንብ አይነካም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ሕግ ግን ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰብሳቢውን ራሱን ነው፤ ቢያንስ 25,000 ዶላር የዋስትና መያዣም ያስገባል።

ነጋዴዎች ይህን እንደ አዲስ ቀረጥ ቢቆጥሩት አይፈረድባቸውም፤ ፈቃድ ማኅተም ተመትቶበት ግድግዳ ላይ ከመሰቀል ያላለፈበት ጊዜ ብዙ ነውና። ነገር ግን በስማቸው የተሰበሰበው ገንዘብ በማን ኪስ እንደሚያድር ሊያስቡበት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍያ ለባለገንዘቡ ወይም እርሱ ሥልጣን ለሰጠው ሰው እንዲፈጸም ያዛል። ሥልጣን አለኝ ብሎ ለመጣ አታላይ የከፈለ ምስኪን ባለዕዳ ሁለተኛ እንዲከፍል ሊጠየቅ ነው፤ አስከፋዩ እውነተኛ ወኪል ሆኖ ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋ ደግሞ ጉዳቱ የነጋዴው ነው።

እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው ሹም ክፍያውን ከመቀበሉ በፊት፣ አመልካቹ የሰው ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ የሚያስቀምጥበት የባንክ ሒሳብ እንዳለው፣ በሚሰጠው ደረሰኝ ላይም የባለገንዘቡ ስምና የፈቃዱ ቁጥር መጻፉን ሊመረምር ይገባዋል። ባለዕዳውም ቢበደል አቤት የሚልበት መሥሪያ ቤት ስሙ በዚያው ደረሰኝ ላይ ይታተም።