የዝሆን ጥርሱ ይውጣ፣ ደረሰኙ ይናገር

በብሪታንያ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በብር የተለበጠ የሻይ በራድ ብርቅ አይደለም። የበርሚንግሃሞቹ ኤልኪንግተኖች እ.ኤ.አ. በ1840 በኤሌክትሪክ ለሚሠራው አለባበጥ የባለቤትነት መብት ካስመዘገቡ ወዲህ በገፍ ተመርቷል። በብዙዎቹ እጀታ ላይ ሙቀት የሚያግዱ የዝሆን ጥርስ ቁራጮች አሉ። ነጋዴውን ዛሬ ራስ ምታት የሆኑበት እነዚህ ቁራጮች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ ሕግ የዝሆን ጥርስ ንግድን ከጥቂቶች በስተቀር ከልክሏል። ከ1947 በፊት የተሠራና ጥርሱ ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ግን ተመዝግቦ ሊሸጥ ይችላል። ሕጉ ሲጀመር የምዝገባው ክፍያ በዕቃ 20 ፓውንድ ነበር። ለንጹህ ብር በራድ ይህ ኢምንት ነው፤ የተራ ልባጭን ትርፍ ግን ጠራርጎ ይበላል። ድንበር ላሻግር ለሚልም ሌላ ፈቃድ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ በእኔ እምነት በተራው ዕቃ ላይ የተሰነጠቀው ጥርስ ወጥቶ በናይሎን ቢተካ ያዋጣል። አጥንት ጥርስ ስለሚመስል ጥያቄ ያስነሳል። ብርቅዬውን ዕቃ ግን አትንኩት፤ ገዢ የሚከፍልለት ለጥንት አሠራሩ ነው።

መተካቱም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ዛሬ የደበቀ ሻጭ ነገ ደንበኛ የለውም።