ሳጥኑን ልግዛ ወይስ ዕቁቤን ላስቀምጥ?

በዚህ ሳምንት የምናነሣው ደብዳቤ የመጣው ከባሕር ዳር ከተማ፣ ከፋሲሎ ነው። ጸሐፊው የ27 ዓመት ወጣት ነው፤ ስሙ ይቆየን። ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ እነሆ፦

«…ከሕንድ የመጣች 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለችኝ። እጄ ከገባች አራት ዓመት ሆናት። ጠዋት ጠዋት ቾክ ካልሳብኩላት አትነሳም፤ ከተነሳች በኋላ ግን ደህና ናት። ችግሯ ሌላ ነው። ነዳጅ ስሰጣት መጀመሪያ ትተኛለች፤ ጨመር ሳደርግላት ደግሞ ድንገት ትፈናጠራለች። ባለፈው እጮኛዬን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ጢስ ዓባይ ስንሄድ፣ ስፒድ ብሬከር ተሻግሬ ነዳጅ ብሰጣት ልጅቷን ወደ ኋላ ልትጥልብኝ ለጥቂት ተረፈች። ያዳናት ጃኬቴን ጨምድዳ መያዟ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ‹ወይ እኔን ወይ ሞተሯን ምረጥ› ብላ ይኸው በባጃጅ ነው የምትሄደው። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው የሚኖረው። ለረጅም መንገድ የሚነዳት ትልቅ ሃርሊ አለችው። እሷም እንዲሁ ታስቸግረው ነበርና ኤሌክትሮኒክ ቲዩነር የሚባል ሳጥን ገዝቶላት ‹እንደ ሐር ለሰለሰች› ይለኛል። አሁን ሃርሊዋን ሊሸጣት ስለሆነ ሳጥኑን በግማሽ ዋጋ እልክልሃለሁ ብሎኛል። ለሠርጋችን የምጥለው ዕቁብ በዚህ ወር ወጥቶልኛል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? በነገራችን ላይ አንድ ጊዜ ዓባይ በረሃ ድረስ ወርጄባት ነበር። የሚገርመው እዚያ ታች ሌላ ሞተር ሆነችልኝ!»

ወንድሜ፣ አትግዛው! ገንዘቡን አስቀምጥ። ምክንያቱን ደግሞ አንተው ራስህ በደብዳቤህ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ጽፈኸዋል፤ ሳታውቀው ነው እንጂ።

የመጀመሪያው «ቾክ ካልሳብኩላት» ያልከው ነው። በእጅ የሚሳብ ቾክ ያላት ሞተር ቤንዚኗን የምትጠጣው በካርቡራተር ነው። ካርቡራተር ደግሞ ኮምፒውተር የለውም። አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ቤንዚኑን ከትንንሽ ቀዳዳዎች እየመጠጠ ይዞት ይገባል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የአክስትህ ልጅ ሳጥን የሚያነጋግረው ኮምፒውተር ነው። አንተ ጋ ቢመጣ የሚሰካበት ቦታ እንኳ አያገኝም። ጥልፍ አስጠልፈህ ኮመዲኖ ላይ ታስቀምጠው ካልሆነ በቀር!

ኮምፒውተር ቢኖራትስ ኖሮ? ያን ጊዜም ያንን ሳጥን አትገዛውም። አብዛኞቹ የሃርሊ ቲዩነሮች ሥራቸው የሞተር ሳይክሏን ኮምፒውተር ከፍቶ መረጃውን እንደገና መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ ከአንዲት ሞተር ሳይክል ኮምፒውተር ጋር ከተገናኙ ሌላዋን እንዳይነኩ ይቆለፋሉ። የውጭ አገር መካኒኮች ይህንን «ተጋቡ» ነው የሚሉት። ለሌላ ሞተር ለማዋል ፈቃድ እንደገና መግዛት ይጠይቃል። እናም ወንድሜ፣ ለሠርግ ባስቀመጥከው ገንዘብ ያገባ ሳጥን ልትገዛ ነበር ማለት ነው።

የአክስትህ ልጅ ግን አልዋሸህም። ሳጥኑ እውነትም ሐር አድርጎለት ይሆናል። ለረጅም መንገድ የተሠሩት ትላልቆቹ ሃርሊዎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ከእጀታው ወደ ሞተሩ የሚሄድ የነዳጅ መስጫ ካቦ የላቸውም። አንጓህን ስታዞር አንዲት መለኪያ «ይህን ያህል ዞረ» ብላ ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፤ ኮምፒውተሩ ያስብና የአየር መግቢያውን ክዳን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይከፍተዋል። ነጂው ይለምናል፣ ኮምፒውተሩ ይፈቅዳል እንበለው። ምን ያህል ይፍቀድ የሚለው በሰንጠረዥ ተጽፎ ተቀምጧል። ምን ያህል ቤንዚን ይረጭ፣ ካንዴላው መቼ ይተኩስ የሚለውም እንዲሁ።

ፋብሪካው እነዚህን ሰንጠረዦች የሚሞላቸው የጭስ ሕግን እያሰበ ነው። በዝግታ ሲነዳ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር የሚለው ልክ እንዲጠበቅ ይደረጋል፤ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ስትመልሰው ደግሞ ብዙዎቹ ቤንዚኑን ጭራሹን ያቋርጡታል። እንደገና ስትከፍት የተቋረጠው ቤንዚን በአንዴ ይመጣና ሞተሯ ትነጥራለች። በአውራ ጎዳና ላይ በ100 ስትበር ይህ አይሰማህም። ከተማ ውስጥ፣ ዝግ ብለህ ስትታጠፍ፣ ከኋላህ ሰው ሲኖር ነው ጉዱ። ቲዩነሩ እዚያ ቦታ ላይ ቤንዚኑን ትንሽ ጨመር ያደርጋል፤ ክዳኑም ቀስ ብሎ እንዲከፈት ያደርጋል። ለሰው ልጅ ጀርባና አንገት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ኮምፒውተር ያላት አዲስ ሞተር ለገዛችሁ አንባብያንም አንድ ነገር ልበል። በርካሽ የሚሸጡ «ኃይል ጨማሪ» የሚባሉ ሳጥኖች አሉ። አንዳንዶቹ የሚሠሩት ተንኮል ቀላል ነው፤ ግማሽ ስታዞሩ ለኮምፒውተሩ «ሦስት አራተኛ ዞረ» ብለው ይዋሹለታል። ሞተሯ የፈጠነች ይመስላችኋል። የኃይሏ ጣሪያ ግን ያው የድሮው ነው፤ እንዲያውም መጀመሪያዋ ላይ የባሰ ትፈናጠራለች። ማስተካከያ የሚያደርግላችሁ ባለሙያ ካገኛችሁ «ኃይል ጨምርልኝ» አትበሉት። «የእጀታው የመጀመሪያው ሩብ ይለስልስልኝ» በሉት። ልምድ ያለው ከሆነ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። በደብዳቤህ የጻፍከው ሁለተኛው ፍንጭ የዓባይ በረሃው ነው። ከደጀን አናት እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ዴንቨርም 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ ሃርሊዋ ግን ግፊቱን የምትለካበት መሣሪያ ስላላት ቤንዚኑን ራሷ ትቀንሳለች። በ2007 እ.ኤ.አ. ሁለት የብሪታንያ ተዋንያን ከስኮትላንድ ተነሥተው አገራችንን አቋርጠው እስከ ኬፕ ታውን የነዱባቸው ቢኤምደብልዩዎችም እንዲሁ ኮምፒውተር ያላቸው ነበሩ፤ ቆላ ሲወርዱ፣ ደጋ ሲወጡ ቆመው ካርቡራተር አልፈቱም። ያንተዋ ካርቡራተር ግን የት እንዳለች አታውቅም። ዝቅ ላለ አገር ተብላ ከተስተካከለች እዚህ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ለዚህ ነው የምትተኛው፤ በረሃ ስትወርድ ደግሞ አየሩ ስለሚወፍርላት ነው የምትነቃው።

ይህንን ለማረጋገጥ ካንዴላዋን አስፈትተህ አፏን እይ። ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል። የብስኩት ቀለም ከሆነ ልክ ናት። ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሷታል፤ ያ አደገኛ ነው።

ጥቁር ከሆነ ግን ካቻቢቴ ይዘህ ወደ ካርቡራተሩ አትሩጥ! መጀመሪያ የአየር ፊልትሮዋን አውጣ። የጢስ ዓባይን መንገድ አቧራ የምታውቅ ሰው ነህ፤ አራት ዓመት ሙሉ ያንን ስትምግ የኖረች ፊልትሮ ታፍና ይሆናል። አየር ሲያጥራት ቤንዚኑ ይበዛል፤ መድኃኒቷ አዲስ ፊልትሮ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ቤንዚኑ ራሱ ነው። ማደያ ወረፋ ሲሰለቸን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እየገዛን አይደል? እዚያ ውስጥ ውኃ ይኑር ነጭ ጋዝ ይኑር የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ሞተሯ ጠፍታ፣ ቀዝቅዛ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት፣ ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርግና ጥቂት በንጹሕ ብርጭቆ ተቀበል። ውኃ ካለው ከሥር ይዘቅጣል፤ በዓይንህ ታየዋለህ። ነጭ ጋዝ ግን እንዲህ በዓይን አይለይም። ሁለት ሦስት ሳምንት ከማደያ ብቻ ቀድተህ ለውጡን ተመልከት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተኛች፣ ያን ጊዜ ካርቡራተር የሚያውቅ መካኒክ ዘንድ ሂድ። ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የምትል ቀጭን መርፌ አለች። በብዙዎቹ ላይ የመርፌዋ አናት ጥርስ ጥርስ አለው፤ በአንደኛው ጥርስ ላይ ትንሽ ክሊፕ ትሰካለች። ክሊፗ አንድ ጥርስ ወደ ላይ ስትወጣ መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። አንድ ጥርስ ብቻ! «ከቀነስን አይቀር» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ሞተርህን ይዘህ ውጣ። ደግሞም ወደ መተማ ቆላ ለረጅም ጊዜ የምትወርድ ከሆነ ወደ ነበረችበት አስመልሳት። ለደጋ ተብሎ ቤንዚን የተቀነሰላት ሞተር ቆላ ስትወርድ ጭራሽ ያንሳትና ትግላለች፣ ፒስቶን እስከ ማቃጠልም ልትደርስ ትችላለች።

እስካሁን ያወራነው ስለ መተኛቷ ነው። መፈናጠሯ ግን በእኔ ግምት ከቤንዚኑ ጋር ብዙ ግንኙነት የለውም፤ ልጅቷን ሊጥልብህ የነበረውም እሱ ነው። ካቴናህን መቼ ነው ያየኸው? በደብዳቤህ አንድም ቦታ ላይ አላነሣኸውም። ካቴና ሲላላ፣ ነዳጅ ስትሰጥ መጀመሪያ ልልነቱን ጠቅልሎ ይጨርስና ከዚያ በአንዴ ጎማውን ይመነጭቀዋል። ስፒድ ብሬከር ላይ ነዳጁን መልሰህ እንደገና ስትሰጥ የደረሰው ይኸው ነው። ከታች በኩል፣ መሐሉ ላይ በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋው። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ20 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ቢጫወት ደህና ነው፤ ትክክለኛው ልክ ግን የራሷ መመሪያ ላይ ነው ያለው። ጎማውን እያዞርክ ብዙ ቦታ ላይ ለካው፤ እኩል አይላላምና። አጥብቀህም አትወጥረው፤ ሁለት ሰው ሲቀመጥባት ራሱ ይወጠራል። አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ የሚላላ ከሆነ አልቋልና ከጥርሳም ብረቶቹ ጋር አብረህ ቀይረው። መካኒኩ የኋላ ጎማውን ካወረደው አይቀር ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች ይይልህ፤ እነሱም ሲያልቁ እንዲሁ ይመነጭቃሉ።

የነዳጅ መስጫው ካቦም አለ። እጀታው ሞተሩን ሳያነቃ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶውን ቢዞር ጤናማ ነው። ከዚያ ካለፈ አንተ የጠየቅከው አንድ ጊዜ ነው፣ እሷ የምትሰማው ሌላ ጊዜ። ካስተካከልከው በኋላ ሚኒሞ ላይ እያለች መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረው። ድምፅዋ ከፍ ካለ ካቦው ጠብቋል ማለት ነውና እንደገና ላላ አድርገው።

የአነዳዱን ነገር ባጭሩ። ሰው ጭነህ ስፒድ ብሬከር ስትሻገር እጀታውን ጨርሰህ አትዝጋው። ጥቂት ክፍት አድርገህ ያዘውና የኋላ ፍሬኑን በስሱ ተጫነው፤ ካቴናው እንደተወጠረ ስለሚቆይ አይመነጭቅም። ፍሪሲዮኑንም በአንዴ አትልቀቀው። ሙከራህን ብቻህን፣ ከዚያ ወንድ ጓደኛህን ከኋላ ጭነህ፣ ፀጥ ባለ መንገድ ላይ አድርግ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ቀጥ ብሎ ሲያዩት እጅን ያሳክካል አሉ፤ እዚያ አይሆንም!

እጮኛህ ያለችውን በተመለከተ፣ «ወይ እኔን ወይ ሞተሯን» ማለቷ ሞተር ጠልታ አይመስለኝም። ጢስ ዓባይ ድረስ አብራህ የወጣች ልጅ ናት። የፈራችው መውደቅን ነው፣ ልክም ናት። «ተሠርቷልና ነይ ውጪ» ብለህ አትለምናት። ጓደኛህ ከኋላህ ተቀምጦ ስትመላለስ ቆማ ትይ። ከዕቁቡ የምታነሣው ለፊልትሮና ለካቴና የሚሆነውን ነው፤ ከዚያ ደግሞ ለእሷ ሄልሜት። ያንተን ነገር በደብዳቤህ ጽፈሃል፤ የእሷን ሄልሜት ግን ፈልጌ አጣሁት! ስትገዛ ይዘሃት ሂድ፤ ልኩን እሷ ናት የምታውቀው። ጉንጯን ጠበቅ አድርጎ ይያዛት፤ ማሰሪያው ታስሮ ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ሻጩ «ይለመዳል» ቢላት እንኳ ትተውለት።