ርካሽ ወንበር፣ ውድ መርከብ

ከጁባ በስተምዕራብ ጎልቶ የሚታየው ተራራ ጀበል ኩጁር ይባላል። «ኩጁር» በሱዳኖች ዐረብኛ ከመናፍስት ጋር ይነጋገራል ተብሎ የሚታመን ሰው መጠሪያ ነው። ይሁን እንጂ በተራራው ግርጌ ኑሮ የሚገፋው በአስማት አይደለም፤ ድንጋይ በመዶሻ ተከስክሶ፣ ጠጠር ሆኖ ይሸጣል። በከተማዋ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ሸቀጥ አመላልሶ ጥሪት የያዘው ኢትዮጵያዊም ገንዘቡን ያገኘው በዚህ ዐይነት ላብ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 ጁባ በተኩስ ስትናጥ በሩን ዘግቶ የሸሸ፣ በታኅሣሥ 2015 የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ከቋሚ ምንዛሪው ሲለቀቅ የያዘው ገንዘብ በእጁ ላይ የቀለጠበት ጥቂት አይደለም።

«በርካሽ ቢዝነስ ክላስ በርረው፣ በባሕር ማዶ በመዝናኛ መርከብ ይንሸራሸሩ» የሚለው ጥሪ የሚያንዣብበው እንግዲህ እንዲህ በተገኘ ገንዘብ ላይ ነው። ለፍቶ አዳሪ ማረፍ አይገባውም የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ዕረፍት የሀብታም ርስት አይደለም። ስሕተቱ ያለው ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የአውሮፕላኑ ወንበር መጀመሪያ ይገዛል፤ መርከቡ ይከተላል፤ ቪዛው በመጨረሻ ይታሰባል። ይህ ቅደም ተከተል ካልተገለበጠ፣ ርካሽ የተባለው ወንበር ከሁሉ የከፋ ውድ ዕቃ ሆኖ ይገኛል።

ለመሆኑ ርካሽ ቢዝነስ ክላስ የሚባለው ምንድን ነው? አየር መንገዶች በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን፣ አንድ ዐይነት የሆኑትን ወንበሮች በልዩ ልዩ ዋጋ ይሸጣሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከወንበሩ ሳይሆን ከውሉ ነው። ርካሹ ትኬት ብዙውን ጊዜ ቀኑ ሲለወጥ ቅጣት ያስከፍላል፤ ጉዞው ሲቀር ገንዘቡ ወይ ተቆርጦ ይመለሳል፣ ወይ ጨርሶ አይመለስም። የባሰው ደግሞ ከሌላ ሰው የጉዞ ነጥብ በደላላ በኩል የሚገዛው ነው፤ አየር መንገዶች የነጥብ ሽያጭን ስለሚከለክሉ ነገሩ ሲታወቅ ትኬቱ ሊሰረዝ ይችላል። የጀበል ኩጁር አስማተኛ ቢያንስ መንፈሱን ጠርቶ ይናገራል፤ የትኬት ደላላ ግን ውሉን አንብቦ አያሰማም።

ወደ ቪዛው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያ ዜጎች የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል ወሰነ። ከግሪክ ተነሥቶ የቱርክን ኩሻዳሲ አሳይቶ ወደ ግሪክ የሚመለስ መርከብ ግን ተሳፋሪውን ከሼንገን ክልል አስወጥቶ እንደገና የሚያስገባ ነው። ውሳኔው እስካልተነሣ ድረስ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለእንዲህ ያለ መስመር ከፍሎ ወደብ ላይ እንዳይቀር ያሰጋል። መፍትሔው ወደቦቹ ሁሉ በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በስፔን ብቻ የሆኑትን መስመር መምረጥ ነው። ይህን ሳያጣሩ የማይመለስ ትኬት መቁረጥ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ከሚለው ተረት ያልፋል፤ የፈሰሰው አይለቀምምና።

ሁለተኛው ጣጣ ሰዓት ነው። መርከብ የዘገየ አውሮፕላንን አይጠብቅም፤ የመሳፈሪያው በር የሚዘጋውም ከመነሻው ሰዓት አስቀድሞ ነው። «ከሮም የሚነሣ» የሚባለው መርከብ የሚገኘው በቺቪታቬኪያ ነው፤ ይህም ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከጁባ አዲስ አበባ አንድ ትኬት፣ ከአዲስ አበባ ሮም ሌላ ትኬት ለየብቻ የገዛ መንገደኛ፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ የሁለተኛው ወንበሩ ሊያመልጠው ይችላል፤ የሚከራከርለትም የለም። ስለዚህ መንገዱን በአንድ ትኬት ማያያዝና አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ ከማንኛውም የምቾት ወንበር ይበልጣል።

«ታዲያ ቢዝነስ ክላስ ይቅር?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። አይቅር፤ ቦታውን ይወቅ። ከጁባ አዲስ አበባ ያለው በረራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለዚህ አጭር መንገድ ብዙ ዶላር መክፈል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ተኝተው የሚያድሩበት ረጅሙ የሌሊት በረራ ግን ለዕድሜ ለገፋ ወይም ወገቡ ለታመመ መንገደኛ ዋጋ አለው። በጁባ መስመር ዘወትር የሚመላለሰው ነጋዴም ነጥቡን በሼባ ማይልስ ቢያጠራቅም በራሱ ስም ወንበር ማሻሻል ይችላል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ስታር አሊያንስን ስለተቀላቀለም ነጥቡ በአባል አየር መንገዶች ላይ ያገለግላል።

እውነቱን ለመናገር የብዙዎቹ ምክንያት ወገብ አይደለም፤ ዐይን ነው። ከመጋረጃው ፊት ለፊት ተቀምጦ መታየት፣ ወሬው ለአገር ቤት እንዲደርስ ማድረግ ነው። ያ ክብር ግን አውሮፕላኑ ሲያርፍ ያበቃል፤ ከመጋረጃው ፊትም ሆነ ከኋላ የተቀመጠው በፓስፖርት መስኮት ያልፋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፤ መስመሩን ከቪዛው ጋር ማገናዘብ፣ ኢንሹራንስ መግዛት፣ ቪዛውን በእጅ ማስገባት፣ በመጨረሻ ወንበር መምረጥ። በጠጠር ዋጋ የተጠራቀመ ገንዘብ በአስማት ቃል ሊበተን አይገባውም።